የጋሽ ወዳጆ አጭር ጠመንጃ

ቦንጋ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጥግ ላይ አንድ መካኒክ የተፈታታ የሞተር ዕቃ በነጭ ጋዝ ያጥባል። አጠገቡ ማር የሚሸጡ ሴቶች ሰሙ ያልተለየ ማራቸውን በባልዲ ደርድረው ተቀምጠዋል። የተቃጠለ ዘይትና የሰም ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እለፊ እንጂ እናቴ፣ እንውረድበት!» አለኝ ከኋላዬ ያለው ሰው። መንገዱን ለቀቅኩለት፤ ከቦታው ግን ወዲያው መሄድ አልቻልኩም። ያ የጋሽ ወዳጆ ጠመንጃ ሽታ ነው።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ወደ ቢታ ገነት በተዛወረችበት ዓመት፣ እዚያ የምንኖርበት ቤት እስክታገኝ ድረስ እኔን ማንኪራ አጎቷ ዘንድ አስቀመጠችኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሄጄ በቆሎው ተሰብስቦ ሲያልቅ ነው የተመለስኩት። የከተማ ልጅ ነበርኩ፤ የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን እሰማለሁ እንጂ አጥርቼ አልናገርም። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚወራውን ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ከራሴ እየሞላሁ ነበር የምኖረው።

አጎቷ ጋሽ ወዳጆ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል፣ ቡና ይለቅማል፣ ከቤቱ በታች በቆሎ ያርሳል። ጠመንጃው ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ በተመቱ ሁለት ችካሎች ላይ ተጋድሞ ይኖራል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጠመንጃ ሳይሆን የጠመንጃ ልጅ መሰለኝ። ቦንጋ ላይ ዘበኞች የሚይዙትን አውቃለሁ፤ የነሱ ረጅም ነው። ይሄኛው ግን ብረቱ ከእንጨቱ ብቅ ከማለቱ ያልቃል። ቁመቱን ከራሴ ጋር በዓይኔ ለክቼ እኩያዬ እንደሆነ ወሰንኩ።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚያድገው?» ብዬ እትዬ አለሚቱን፣ የጋሽ ወዳጆን ሚስት፣ ጠየቅኳት።

እትዬ አለሚቱ ስትስቅ ትከሻዋ ነበር የሚስቀው። «እሱስ አድጎ ነበር» አለችኝ። «ቆርጠውት ነው።»

ከዚያ በኋላ አጠገቡ ሳልፍ ድምፄን እቀንስ ጀመር። ቦንጋ ገበያ ላይ እግሩ የተቆረጠ አንድ ወታደር አውቅ ነበር፤ እሱን ሳይ የሚሰማኝ ነገር ጠመንጃውን ሳይም ተሰማኝ። እውነትም ሁለመናው የተነካካ ነበር። የአፈሙዙ ጫፍ በመጋዝ ተቆርጦ በሞረድ ለስልሷል። ሰደፉ ከፋብሪካ የመጣው አይደለም፤ ከዋንዛ እንጨት እዚሁ አገር የተጠረበ ነው። ማንገቻው የበሬ ቆዳ ነው። የፋብሪካው ምልክትና ቁጥሩ የነበሩበት ቦታ በሞረድ ተፍቆ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። ጋሽ ወዳጆ ሳያየኝ ጣቴን እዚያ ጎድጓዳ ላይ አሳርፍና ያመው ይሆን እያልኩ እነሳለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠመንጃው ከችካሉ ይወርዳል። ጋሽ ወዳጆ በሩ ላይ ቁርበት ያነጥፍና፣ ሺሺንዳ ላይ ከሹፌሮች ለምኖ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ እየነከረ ብረቱን ይወለውላል። እንጨቱን በሰም ያሸዋል። ማንም አያናግረውም። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጨርቁ ሲሄድና ሲመለስ አያለሁ። አንድ ቀን «ያዢልኝ» ብሎ ጨርቁን ሲሰጠኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዕቃ ያዢ የተባልኩ ይመስል እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ነበር የተቀበልኩት።

ይህን ያህል ተወልውሎ ግን አይተኮስበትም። በቆሎው ማሸት ሲጀምር ከርከሮ ከጫካ እየወጣ ያወድመዋል። ጋሽ ወዳጆ ማማው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ እየደበደበ ይጮሃል እንጂ ጠመንጃውን አያነሳም። እትዬ አለሚቱ ያረረችው በዚህ ነው።

«ከርከሮ እርሻውን እየጨረሰው አንተ ብረት ታሻሻለህ! ምናለ ጥይት ብትፈልግለት?»

«የሰው ነው» ይላታል ጋሽ ወዳጆ። «በሰው ዕቃ አልተኩስም።»

ይህን ቃል እኔ በራሴ መንገድ ተረዳሁት። ቀፎው የንብ ነው፣ ጫካው የጉሬዛና የጦጣ ነው፣ በቆሎውን ከርከሮ ይካፈለዋል፤ እዚህ ቤት ውስጥ የሰው የሆነው ይህ ጠመንጃ ብቻ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በጣም ትልቅ ነገር መሰለኝ።

ጥይት ይፈለግ ቢባል እንኳ የትኛው ጥይት እንደሚስማማው የሚያውቅ አልነበረም። ምልክቱ ተፍቋል። ለቡና ግዢ፣ ለለቅሶ፣ ለሽምግልና የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ የንጉሡ ሠራዊት አዲስ መሣሪያ ሲታጠቅ አሮጌውን ለሹማምንት አከፋፍሎት የመጣ ነው ይላል። ሌላው በማጂ በኩል ነጋዴ ያስገባው ነው ይላል። ጎረቤታችን ሚሊሻው ታደሰ «የለም፣ የጣሊያን ነው፤ ይሄን አንገቱን እዩት» ይልና አንገቱ የትኛው እንደሆነ ግን አያሳይም። ጋሽ ወዳጆ ለሁሉም «ይሆናል» ብሎ ይመልሳል። ሲዋሽ አልነበረም። እኔ ግን ሁሉንም በልቤ አምኜ ነበር፤ አንድ ጠመንጃ ይህን ሁሉ አገር ዞሮ እዚህ ግድግዳ ላይ መተኛቱ ይደንቀኝ ነበር።

እውነተኛውን ነገር የነገረችኝ እትዬ አለሚቱ ናት፤ አንድ ቀን ኮረሪማ ስንፈለፍል።

«ጠመንጃው የጋሽሽ የእናቱ ነው» አለችኝ።

«የሴት?»

«አዎ የሴት። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት እሷው ራሷ ዛፍ ላይ እየወጣች ቀፎ ትሰቅል ነበር። ሴት ዛፍ ላይ ትወጣለች ተብሎ ስንት ተወርቶባታል! በጣሊያን ጊዜ ይሄ ጫካ ሰው ይደበቅበት ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጠመንጃው እሷ ቤት ተገኘ። እንዲህ ተቆርጦ። ለምን ተቆረጠ ብትዪኝ፣ ቀፎ ውስጥ እንዲገባ ነው እላለሁ እኔ። ቀፎ ሰቅላ እዚያ ውስጥ ደብቃዋለች። ማን ዛፍ ላይ ወጥቶ ንብ ይፈትሻል?»

«ከየት አመጣችው?»

እትዬ አለሚቱ እጇ ቆመ። «እሱን ነው የማናውቀው። ሲጠይቋት ‹የሰው ነው› ብቻ ነው መልሷ። ልትሞትም ስትል ለልጇ ‹የሰው ነው፣ እንዳትሸጠው› አለችው። አደራ ሰጥተዋት ይሁን፣ ከሰው ወስዳ ይሁን፣ አልተናገረችም። ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ የሚያስበው እሱን ነው። ለማንም አይናገርም እንጂ።»

ያን ጊዜ «የሰው ነው» ማለት ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ። የጠመንጃው ባለቤት የሆነ ቦታ አለ፤ መጥቶ ይወስደዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ውሻው በጮኸ ቁጥር መንገዱን አያለሁ።

አንድ እሑድ፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እሸት እየጠበስን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ በቡናው መሃል መጣ። ካፖርት ለብሷል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ከሺሺንዳ ነው የመጣሁት፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ንጉሤ እባላለሁ አለ። እትዬ አለሚቱ በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም። ውሃ አመጣችለት፤ በእጁ መለሰው።

«መጀመሪያ የመጣሁበትን ልናገር» አለ። «እዚህ ቤት አጭር ጠመንጃ አለ ብለው ቡና ነጋዴዎች ሲያወሩ ሰማሁ።»

«አለ» አለ ጋሽ ወዳጆ።

«አባቴ በጣሊያን ጊዜ መሣሪያውን ይዞ ማንኪራ ጫካ ገባ። እዚህ መድረሱን ያዩ አሉ። ሲወጣ ያየው የለም። እኔ ያን ጊዜ በእናቴ ሆድ ነበርኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ነው ያለችኝ። አባትህን የገደለው ጣሊያን አይደለም፣ ለጠመንጃው ብለው እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው።»

እትዬ አለሚቱ እሸቱን ጥላ ብድግ አለች። «ምን አሉ? ማንን ነው ገዳይ የሚሉት? እናቱን ነው?»

«አለሚቱ» አለ ጋሽ ወዳጆ። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ እሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ወደ ውስጥ ገባ። ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣና ለእንግዳው ዘረጋለት። አቶ ንጉሤ ሳያስበው ተቀበለው።

«የአባትዎ ከሆነ ይውሰዱት» አለ ጋሽ ወዳጆ። «እኔ የጠበቅኩት ለዚሁ ነው። እናቴ ወስዳው ከሆነም እኔ ልጇ እዚህ ቆሜያለሁ፤ የፈለጉትን ይበሉኝ። ካልሆነ ግን አልሰጥዎትም። ዛሬ ለእርስዎ ሰጥቼ ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ምን እመልሳለሁ?»

አቶ ንጉሤ ለጠብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ጠመንጃው እንዲህ በቀላሉ እጁ ላይ ሲያርፍ አገላበጠው። የተፋቀውን ቦታ አየ። ሰደፉን ዳሰሰ። በመጨረሻ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ ረጅም ነበር ብላኛለች» አለ።

«ቆርጠውት ነው» አልኩት እኔ። ማንም አልተቆጣኝም።

«እኔ አይቼው አላውቅም» አለ አቶ ንጉሤ። «እንዴት አውቀዋለሁ?» ከዚያ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መቀስ አወጣና የካፖርቱን ጫፍ መተርተር ጀመረ። ክሩ ተፈታ። ከገበሩ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ፤ ጥይት ነበር። ነሐሱ አረንጓዴ ሻግቷል። «እሱ ከቤት ሲወጣ አልጋው ሥር ወድቃ የቀረች ናት። እናቴ በመቀነቷ ይዛት ኖረች። ይህቺ ከገባች የአባቴ ነው።»

ሚሊሻው ታደሰ ተጠራ። ጥይቷን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ጠርጎ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አያት። ሁላችንም ከበብነው። ጋሽ ወዳጆ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ታደሰ ጥይቷን አጎረሰና ቀስ ብሎ አቀባበለ። ብረቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደፊት ሄዶ ተዘጋ።

«ገባ!» አለች እትዬ አለሚቱ።

አቶ ንጉሤ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ታደሰ ግን ጥይቷን መልሶ አወጣና ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ይሄ ዓይነት ጥይት ለብዙ ጠመንጃ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በየሰዉ እጅ የነበረ ነው። መግባቷ የአባትዎ ነው አያሰኝም። አይደለምም አያሰኝም።»

ጉሬዛዎች ከሸለቆው ማዶ ሲንጎራጎሩ ይሰማል። አቶ ንጉሤ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «እንግዲያው ይተኮስ» አለ። «አንድ ጊዜ ልስማው።»

ታደሰ እምቢ አለ። ጥይቷ አሮጌ ናት፣ ብረቱም የተቆረጠ ነው፣ ቢፈነዳ ሰው ይጨርሳል አለ። ጋሽ ወዳጆ በሰው ዕቃ አልተኩስም ብሎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ አሁን ግን እንግዳውን ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ «በገመድ እንስበዋለን» አለ።

ወደ በቆሎው ግርጌ ወረድን። የወደቀ ግንድ ላይ ጠመንጃውን አስተኝተው በቃጫ ገመድ ጠፍረው አሰሩት። አፈሙዙ የአፈር ገደል ያይ ነበር። ሌላ ገመድ ከቃታው ላይ አስረው እስከ አንድ ትልቅ ብሳና ድረስ ዘረጉት። ታደሰ በየአቅጣጫው እየጮኸ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና ጥይቷን አጉርሶ አቀባበለ። እትዬ አለሚቱ እኔን ከኋላዋ አድርጋ ጆሮዬን በመዳፏ ደፈነችው። በጣቶቿ መሃል ግን እሰማ ነበር፤ በክንዷ ሥርም አያለሁ።

«ጠመንጃው እርስዎ ቤት ነው ያለው፤ ይሳቡ» አለ አቶ ንጉሤ።

«ጥይቱ የእርስዎ ነው» አለ ጋሽ ወዳጆ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከው ገመዱን አንድ ላይ ያዙ። ሳቡ።

ቀጭ አለ። ሌላ ምንም የለም።

«ከሸፈ» አለ ታደሰ በሹክሹክታ። «ማንም እንዳይነሳ።»

ቆየን። አቶ ንጉሤ ገመዱን አልለቀቀም፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ጠመንጃው የሚያስብ መሰለኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጋሽ ወዳጆ ብቻውን ተነስቶ ሄደ። ታደሰ «ጋሼ ይተው!» እያለ ሲጣራ አልሰማውም። ከጎን ሆኖ፣ ጥይቷን ሳያወጣ፣ እንደገና አቀባበለና ተመልሶ ተንበረከከ። ገመዱን ያዙ። ሳቡ።

ያንን ድምፅ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። መጀመሪያ መሬቱ እግሬን መታኝ። ከዚያ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ገደሉ አፈር ተፋ። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ያለውን ጫካ መታና ተመለሰ፣ ሌላ ኮረብታ ላይ ሄዶ እንደገና ተመለሰ፤ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚመልስለት ይመስል ነበር። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እየዘረጉ ከዛፍ ዛፍ ፈሰሱ። ስማቸውን የማላውቃቸው ትልልቅ ወፎች ከዋንዛው ላይ ተነስተው ዞሩብን። በቆሎው ሁሉ ተንሾካሾከ። ከዚያ እንዲህ ያለ ጸጥታ መጣ፤ ጢንዚዛ እንኳ አይሰማም። በሕይወት መኖሬን ለማረጋገጥ የእትዬ አለሚቱን ቀሚስ ጨብጬ ነበር።

ጠመንጃው አልፈነዳም። ግንዱ ላይ ተኝቶ ይጨሳል። ጋሽ ወዳጆ ፈትቶ አነሳውና መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳበው። አቶ ንጉሤ የወጣውን ቀለህ ከሣር ውስጥ ፈልጎ አገኘው፤ ገና ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረ አሸተተው።

«የአባትዎ ነው?» አለችው እትዬ አለሚቱ። ቁጣዋ ጠፍቶ ነበር።

«አላውቅም» አለ። «እናቴም ተነስታ ብታየው አታውቀውም።» ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞረ። «እዚሁ ይሁን። ገድለው ቢወስዱት ኖሮ ይሸጡት ነበር እንጂ የሰው ነው ብለው አያኖሩትም። ስለ እናትዎ የተናገርኩትን ይተዉልኝ።»

«እኔም አላውቅም» አለ ጋሽ ወዳጆ። «እናቴ አልነገረችኝም። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይህን እየተባባሉ ሳለ ከማዶ ሰው ሲሮጥ አየን። በዚያ አገር በቀን ጠመንጃ ከተተኮሰ ሞት አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ወንዶች ዱላቸውን እንደያዙ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ደረሱ። አንድ አሮጊት ቀድመው ቁልቁለቱን ወረዱ።

«ወዳጆ! ማን ሞተብህ?» አሉት እያለከለኩ።

ጋሽ ወዳጆ አቶ ንጉሤን አየው። አቶ ንጉሤም ቀለሁን በመዳፉ ጨብጦ የመጣውን ሕዝብ አየ። የሚስቅ ወይም ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«አባቴ» አለ።

«መቼ?»

«ሳልወለድ» አለ። «አልተለቀሰለትም።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጊቷ ግን አላመነቱም። «ስሙ ማን ነበር?» አሉት።

«ተክሌ።»

አሮጊቷ ዱላቸውን አስቀመጡና እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጡ። ደረታቸውን እየመቱ በካፊኖኖ ማልቀስ ጀመሩ። ከሚሉት ውስጥ የገባኝ «ተክሌ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። እትዬ አለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መሃላቸው ገባች። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር፤ እንባዬ ግን የእውነት ነበር።

አቶ ንጉሤ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ቆሟል። ጋሽ ወዳጆ ጠመንጃውን ለታደሰ ሰጠውና የእንግዳውን ክንድ ይዞ ግንዱ ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ሐዘንተኛ ሆኖ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰዎች ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ሁለቱንም ጨበጡ። «እግዜር ያጥናችሁ» ይሏቸዋል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይቀበላሉ። ፀሐይዋ ወደ ጫካው ስታዘነብል፣ ድምፁን ከሩቅ የሰሙት ገና በቡናው መሃል እየወረዱ ይመጡ ነበር።